ስለ ድሬሰሮችና ስለ በሽተኛ ማስታመም

በዚህች መጽሔት ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ መዋጮና ስለ ድንኳን ብዙ ተጽፏል። እኛ ደግሞ ዘንድሮ ሰው ከመሞቱ በፊት ስለሚያስታምመው ሰው ጥቂት ለመጻፍ ወደድን። ሐኪም አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በአንዲት የወረዳ ከተማ ክሊኒክ የካርድ ጸሐፊ ሆነን ብዙ ዘመን ስለቆየን፣ ድሬሰር የሚባለውን ሰው ሥራ በዓይናችን አይተናል። የዛሬ ልጆች ስሙንም አያውቁት።

በአገራችን ዘመናዊ ሕክምና ሲጀመር ሐኪሞቹ ከውጭ አገር የመጡ ነበሩ። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኛ ማከማቸው የታወቀ ነው። ዘመን አልፎ፣ ጠላት ከወጣ በኋላ እንኳ የተማረ ኢትዮጵያዊ ነርስ በጣት የሚቆጠር ነበር። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን ከተማ፣ በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ተመረቁ። አገር ነፃ ስትወጣ ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው አረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የበሽተኛ አልጋ ማንጠፍ ከተማረች እኛን ምን ያኮራናል ያሰኛል። ለመታሰቢያቸው የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው።

ከዚያ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ቀይ መስቀል በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል፣ ማለት በዛሬው የካቲት 12፣ የነርሶች ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ ጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን ማሠልጠን ጀመረ። ግን አገሩ ሰፊ ነው፤ ነርሶቹም ጥቂት ስለነበሩ ከሆስፒታልና ከጤና ጣቢያ አያልፉም። ገጠሩን ይዞ የኖረው ድሬሰሩ ነው።

ድሬሰር ማለት ቁስል አጣቢ፣ ፋሻ አሳሪ ማለት ነው። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው እየተመረጠ ሆስፒታል ውስጥ በሥራ ላይ ይሠለጥንና ወደ ክሊኒክ ይላካል። እዚያ ሲደርስ ግን ሥራው ቁስል ማጠብ ብቻ መቼ ሆነ! በእኛ ክሊኒክ የነበሩት፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ድሬሰር፣ ጧት ከሁላችን በፊት ገብተው ፕሪሙሱን ይለኩሱና የብርጭቆ ስሪንጅና መርፌውን ይቀቅላሉ። አንዴ ወግተው የሚጥሉት መርፌ ያኔ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ውኃው ከፈላ በኋላ ሰዓታቸውን እያዩ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ይጠብቃሉ። ሰልፈኛው ቢጮህም አይቸኩሉም። «መርፌው ካልፈላ በሽታው እኔው ነኝ» ይሉ ነበር። ከዚያ የሕፃናቱን ዓይን ቅባት ይቀባሉ፣ ጂቪ ይቀባሉ፣ የታመመ ጥርስ ይነቅላሉ፣ ሌሊት በጩቤ የተወጋ ሲመጣ ፋኖስ አስይዘው ይሰፋሉ። አንድ ጊዜ ፋኖሱን የያዝነው እኛ ነበርን፤ እጃችን ስለተንቀጠቀጠ ተቆጥተውናል። ባላገሩ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም፤ ኪኒን ብቻ ሲሰጡት ይቀየማል። ቢሆንም «ዶክተር» እያለ ነበር የሚጠራቸው። ደመወዛቸውን ግን የምናውቀው እኛ ነን፤ ከጸሐፊ ብዙም አይበልጥ።

በኋላ ጤና ረዳቶች እየበዙ መጡ፤ ከጊዜ በኋላም መጠሪያው ቀርቶ ብዙዎቹ ተጨማሪ ተምረው ነርስ ሆኑ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ ተመድበዋል። ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው አናስረዝመውም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። በ1998 ዓ.ም. እናታችን ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አላት። አንድ ሆስፒታል ጥቂት ቀን ካስተኛት በኋላ ወረቀትና መድኃኒት ሰጥቶ ወደ ቤት መለሳት። እንዴት እንደምትያዝ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። በጀርባዋ አስተኝተን፣ ገንፎ እያጎረስን፣ ደኅና ያስታመምን መስሎን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሽታ መጣ። ጀርባዋን ቅቤ ቀባናት፣ ሽታውን በዕጣን ሸፈንነው። ሃያ ዓመት ያህል የክሊኒክ ካርድ የጻፍን ሰዎች ይህን አደረግን።

እኚያው ጋሼ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ከተማ ልጃቸው ዘንድ ነበሩና አስጠራናቸው። እጃቸውን ታጥበው እናታችንን ወደ ጎን ገለበጡና አዩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ማነው የሚያገላብጣት?» አሉ። እርስ በርሳችን ተያየን። ቁስሉ ከወገቧ በታች እስከ አጥንት ደርሷል። ጨው ባለበት፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እያጠቡ አሳዩን። በየሁለት ሰዓቱ እንድናገላብጣት፣ ተረከዟ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቷ ሥር ትራስ እንድናደርግ፣ አንሶላው እንዳይጨማደድና እንዳይረጥብ፣ የቀላውን ቆዳ እንዳናሸው፣ ቀና ሳትል እንዳናጎርሳት ነገሩን። እኛም ሰዓቱን በደብተር እያሰመርን በተራ ያዝን፤ ይህ ሥራችን ነውና አላቃተንም። ትንንሾቹ ቁስሎች ዳኑ። ትልቁ አልዳነም። እናታችን አራት ወር ቆይታ አረፈች።

እድራችን ያን ዕለት ድንኳኑን ፀሐይ ሳይወጣ ተከለልን፤ ውለታውን አንረሳም። በአራቱ ወር ግን ጠያቂ መጣ እንጂ የሚያገላብጥ አልመጣም። ይህን ለወቀሳ አላነሣነውም። እኛም ለሌላው እንደዚያው ነበርን፤ ብርቱካን ይዘን ሄደን «እግዜር ይማርሽ» ብለን እንመለሳለን።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ ሐሳብ አቅርበናል። በአባሎቻችን መካከል ጡረታ የወጡ ነርሶችና ጤና ረዳቶች አሉ፤ መዝገቡን ስንገለብጥ አይተናል። ከወርኃዊው ስብሰባ በኋላ አንድ ሰዓት ተሰጥቷቸው በሽተኛ ማገላበጥና ማጠብ ያሳዩን። ከድንኳኑና ከወንበሩ ጋር ደግሞ ለአባላት የሚዋስ አንድ ዊልቸር፣ ሁለት ፖፖ፣ አራት የላስቲክ አንሶላና አንድ የትኩሳት መለኪያ ይገዛ ብለናል። ዝርዝሩን ለእድሩ ጸሐፊ ሰጥተናል። ዳኛውም ተቀብለውታል። መርካቶ ሄደው ዋጋ ጠይቀው የሚመጡ ሁለት ሰዎች ግን እስካሁን አልተገኙም።