የጠፉት ነጥቦች፦ የአማርኛ ልቦለድ ከኅትመት ወደ ዲጂታል ቅጂ ሲሻገር



ንግግሬን የምጀምረው በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ላይ በደረሰብኝ ኀፍረት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከአጻጻፍ ሥርዓት አንጻር መርምሮ፣ ደራሲው በፊደል አጠቃቀም ከዘመናቸው ልማድ ፈቀቅ አላሉም ሲል ደመደመ። ድምዳሜው ስሕተት ነበር። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ከሚሟገቱት ወገን ነበሩ፤ በዚሁ ልቦለዳቸውም ጠብቀው የሚነበቡትን ፊደላት በላያቸው ነጥብ በማኖር ለይተዋል። ተማሪው ግን አንዲት ነጥብ እንኳ አላየም፤ የሠራው በኮምፒውተር እንደ አዲስ በተተየበ ቅጂ ላይ ነበርና። ቅጂውን ለክፍሉ ያደልሁት ደግሞ እኔው ነበርሁ።

ነጥቧ ጌጥ አይደለችም። ፊደላችን ብዙ በጎ ነገር ቢኖረውም የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በቦታው መኖርን ያመለክታል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ይነግረናል። «ይመታል» የሚለው ቃል መቺውንና ተመቺውን በአንድ መልክ ይጽፋል። አንባቢ ከዐውዱ ይረዳዋል ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይረዳዋል። ሐዲስ ግን ለግምት መተዉን አልወደዱም። ከፊደል በላይ ትንንሽ ምልክት መጻፍም ለሀገራችን ጽሕፈት እንግዳ አልነበረም፤ የዜማ መጻሕፍትን ገልጦ ያየ ሁሉ ከቃሉ በላይ የተደረደሩትን ምልክቶች ያውቃል።

እነዚያ ነጥቦች የት ገቡ? መልሱ በከፊል የቴክኖሎጂ ታሪክ ነው። ግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር የተጻፈው ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች በተመደቡት ቦታዎች ላይ የእኛን ፊደላት በመሣል ነበር። አንድ የፊደል ገበታ ቢበዛ 256 ቦታ ሲኖረው፣ ከዚያም ላይ በርካታው ለሌላ አገልግሎት የተያዘ ነው፤ የእኛ ፊደላት ደግሞ ከ200 በላይ ናቸው። ስለዚህ አንዱ አዘጋጅ ፊደሉን ለሁለት ገበታ ከፈለው፤ ሌላው ቅጥያውን ከግንዱ ለይቶ በማጣበቅ ተጠቀመ። እያንዳንዱም የየራሱን ድልድል አወጣ። በእንዲህ ያለ ጥበት ውስጥ ለማጥበቂያ ነጥብ ማን ቦታ ይሰጣል? የማጥበቂያው ምልክት ራሱ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። በአሮጌው ድልድል የተጻፈ ፋይል ወደ ዩኒኮድ ሲገለበጥም፣ ገልባጩ የተሳሳተ ድልድል ከመረጠ አንዱ ፊደል በሌላው ይተካል።

ሁለተኛው መንገድ ሥዕል አንሥቶ በማሽን ማስነበብ ነው። እዚህ ላይ ችግሩ ይረቅቃል። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ላይ ባለች አንዲት ቅጥያ ነው፤ በአንዱ ከወገቡ፣ በሌላው ከግርጌው ትወጣለች። በደበዘዘ ገጽ ላይ ማሽኑ ይህችን ቅጥያ ሲስት «ግቡ» የነበረው «ግቢ» ይሆናል። የአክብሮት ጥሪ ለአንዲት ሴት የሚሰጥ ትእዛዝ ሆነ፣ ወይም የቤት አጥር ግቢ ሆነ ማለት ነው። ማዕርግና ትውልድ የሰዎችን ዕጣ በሚወስንበት በዚህ ልቦለድ ውስጥ፣ ማን ማንን አንቱ አለ የሚለው ጥያቄ የታሪኩ ዋና ጉዳይ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የጽዳቱ ሂደት ነው፦ ሥዕሉ ለንባብ ሲዘጋጅ፣ ከፊደል ተነጥሎ የቆመ ጥቃቅን ጥቁር ነገር እንደ አቧራ ተቆጥሮ ይጠረጋል። የደራሲው ነጥብ ከዝንብ ጠብታ አይለይም።

ሦስተኛው አጥፊ ሰው ነው። ተየቢው ለጣቱ የቀረበውን «ሰ» እና «ሀ» ይመርጣል፤ «ሠ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ይቀራሉ። ይህን የምናገረው የሞክሼ ፊደላትን ክርክር ልቀሰቅስ አይደለም፤ በዚያ ላይ የራሴ አቋም አለኝ፣ ለሌላ ቀን ይቆየን። ነገር ግን የደራሲውን ስም እንኳ በ«ሀ» ለሚፈልግ ሰው በ«ሐ» የተጻፈው አይገኝለትም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብም በዛሬ ትየባ ባዶ ቦታ ይሆናል። ስለ ዘመኑ ሥርዓተ ነጥብ ሊያጠና የሚሻ ሰው እንዲህ ባለ ቅጂ ላይ ምን ያገኛል?

የጥንት ጸሓፊዎቻችንም ይሳሳቱ ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ በመጽሐፉ መጨረሻ ስማቸውን፣ ያስጻፈውን ሰው፣ አንዳንዴም ዘመኑን አኑረውልናል፤ ስሕተታቸውንም ቅጂን ከቅጂ በማስተያየት መከታተል ይቻላል። ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወሩት ልቦለዶች ግን ከየትኛው ኅትመት እንደተገለበጡ፣ ማን እንደተየባቸው፣ ማን እንዳረማቸው አይናገሩም። መጥፎው ነገር ስሕተት መኖሩ ሳይሆን ንጹሕ መምሰላቸው ነው። የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ጉድለቱን ራሱ ይመሰክራል፤ ጥርት ባለ ፊደል የተጻፈ ገጽ ግን ያሳምናል። እኔንም ያታለለኝ ይኸው ጥራት ነው።

ለዚህም ዘዴው የታወቀ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ዲስትሪቢዩትድ ፕሩፍሪደርስ» የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ የገጹን ሥዕል ከተነበበው ጽሑፍ ጎን አቁሞ፣ አንዱን ገጽ በተለያዩ ሰዎች ዐይን ደጋግሞ ያሳርማል። ከፍተኛ ጥበብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥትን ይጠይቃል።

ጉዳዩ ለፊሎሎጂ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ ይህን ልቦለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርኩት አድማጩ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ከድምፃቸው ይሰማ ነበር። ዛሬ ዐይነ ስውራን ተማሪዎቻችን መጽሐፍ በማሽን ድምፅ ሊያነቡ ሲሞክሩ፣ ማሽኑ «አለ» ላይ ሲደርስ መገመት አለበት። ሐዲስ ያኖሯት ነጥብ ለዚህ አንባቢ ታስፈልገው ነበር፤ እኛ ግን ጠርገናታል።

ያ ተማሪ ምዕራፉን ከታተመው መጽሐፍ እንደገና ሠርቶ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት አስረከበ። እኔም ያደልሁትን ፋይል መልሼ ለመሰብሰብ ሞክሬ ነበር፤ ከእጄ ከወጣ በኋላ ግን የት የት እንደደረሰ ማወቅ አልቻልሁም። ባለፈው ዓመት አንድ አዲስ ተማሪ ለጥናቱ ያገኘውን ቅጂ ሊያሳየኝ ቢሮዬ መጣ። ሁለተኛው ገጽ ላይ እኔ ራሴ ያኔ አንድ ቃል ላይ ያኖርሁትን የቢጫ ቅብ አየሁት።