ቋንቋ የፈጠረው ሰውና ቋንቋ ያለው ዋግ

ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። የዋግሹሞች፣ የዋግ ገዥዎች፣ አስከሬን በሣጥን እንደተቀመጠ እዚያው ይገኛል። ስለ ዋሻና ስለ ጭራቅ ተረት እየሰማ ለሚያድግ የዋግ ልጅ ከዚህ የበለጠ የምናብ መነሻ ከየት ይመጣል?

ይህን ያሳሰበኝ በሥዕል የተሞላ አንድ ወፍራም ካታሎግ ነው። በ2018 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) የኦክስፎርዱ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ምናባዊ ዓለም ለፈጠረው ደራሲ ለቶልኪን መታሰቢያ ዐውደ ርእይ ሲከፍት ካትሪን ማክልዌይን ያዘጋጀችው ነው። የደራሲው ካርታዎች፣ በውኃ ቀለም የሣላቸው ተራሮች፣ ለልጆቹ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ አሉበት።

ቶልኪን በ1892 ደቡብ አፍሪካ ብሎምፎንቴን ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ እንግሊዝ ሄደ። ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ግን የትውልድ ቦታው ሳይሆን አንድ ቃል ነው። የጥንት እንግሊዛውያን ተርጓሚዎች በላቲን መጻሕፍት «ኢትዮጵያውያን» የሚል ሲገጥማቸው «ሲግልሄርዋን» ይሉ ነበር። ቶልኪን በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ባሳተመው ጥናት ቃሉን ፈለቀቀው። «ሲግል» ፀሐይ ወይም ዕንቁ ነው፤ «ሄርዋ» ደግሞ ከፍምና ከጥላሸት ጋር ይዛመዳል። ስሙ ለኢትዮጵያውያን ከመሰጠቱ በፊት ዓይናቸው ፍም የሚተፋ፣ ፊታቸው ጥላሸት የመሰለ የእሳት ፍጡራን መጠሪያ ሳይሆን አይቀርም ሲል ገመተ። በድርሰቶቹ ውስጥ ባልሮግ የተባለውን የእሳት ጭራቅም ሆነ ሲልማሪል የተባሉትን ዕንቁዎች ለመቅረጽ ወይም ለማጠናከር ይህ ጥናት ሳይረዳው አልቀረም ይላል ሐያሲው ቶም ሺፒ። ለእኛ የሚያኮራ ዝምድና አይደለም፤ ቢሆንም ዝምድና ነው።

በድርሰቱ ጎንዶር የተባለውን መንግሥት ከጎንደር ጋር የሚያያይዙም አይጠፉም። በደራሲው የፈጠራ ቋንቋ ግን ጎንዶር ማለት የድንጋይ አገር ነው፤ እንዲያ ከሆነስ ለውቅሮ ይቀርባል።

ከቶልኪን ረቂቆች ብዙዎቹን የያዘው ቦድሊያን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ከኢትዮጵያ የወሰደውን መጽሐፈ ሄኖክም ይዟል። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ከዚያ ቅጂ ነበር።

ከካታሎጉ በላይ ልቤን የነካው ግን ደራሲው ስለ አሠራሩ ይናገር የነበረው ነው፦ መጀመሪያ ቋንቋዎቹን ፈጠረ፤ ታሪኮቹ የመጡት ቋንቋዎቹ የሚነገሩበት ዓለም እንዲኖራቸው ነው። ዋግ ተቃራኒው ነው። ኽምጥኛ ማንም ሳይፈጥረው እዚያው አለ፤ የአገው ቤተሰብ ነው፤ በገበያ ይነገራል፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፊደላችን ይጻፋል። ሰዋስዉና መዝገበ ቃላቱ ግን ቀድሞ የታተመው በ1884 ቪየና ውስጥ፣ በኦስትሪያዊው ሊቅ ሊዮ ራይኒሽ እጅ ነው። የራሳችንን ቃል በጀርመንኛ ፍቺ ስንፈልግ መኖር ነበረብን ወይ?

የሰቆጣ መምህራን ሆይ፣ የሚቀጥለውን የእረፍት ወቅት አታባክኑት። ተማሪው ከአያቱ የሰማውን ተረት በኽምጥኛ ይጻፍ፣ ጭራቁንም በእርሳስ ይሣለው፤ እናንተም ሰብስባችሁ በአንድ ጥራዝ አስሩት።