የአስቸጋሪ ልጅ ዕዳ ማን ይከፍለዋል?

«ልጁ አስቸገረኝ» የሚል ወላጅ በመካከላችን ጥቂት አይደለም። የምንሰጠው ምክርም ያው የታወቀው ነው፤ ግማሹ «ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «አገር ቤት ላኪውና አያቱ ዘንድ ይታረም» ይላል። ይህን ጉዳይ በመላ ምት ሳይሆን መዝገብ ይዘው የመረመሩ ሰዎች ስላሉ ታሪካቸውን ለአንባቢያን ማቅረቡን ወደድን።

ነገሩ የሚጀምረው ከሚዙሪዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያች ከተማ ልጆችን የሚመረምር የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ነበር። ከትምህርት ቤት የሚጠፉ፣ የሚሰርቁ፣ የሚደባደቡ ልጆች ይመጡበታል፤ ዓይን አፋሮችና ፈሪዎችም እንዲሁ። ከ30 ዓመት በኋላ ሊ ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ የ524 ልጆችን መዝገብ አወጡና አንድ በአንድ ፍለጋ ገቡ። ለማነጻጸሪያም በዚያው ከተማ ከተማሩ ልጆች 100 መረጡ። የፖሊስ ፋይል፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የጦር ሠራዊት መዝገብ፣ የሞት ምስክር ወረቀት ሳይቀር አገላበጡ። ውጤቱ በ1966 በመጽሐፍ ወጣ።

እናቱ ቀሚስ ሥር የሚደበቀው ልጅ፣ ብዙ ወላጅ የሚጨነቅለት እርሱ ነው፣ ሲያድግ ከሌላው ሰው እምብዛም አልተለየም። ከልጅነቱ በብዙ ዓይነት ጥፋት የተጠመደው ግን ለእስር፣ ለመጠጥ፣ ለሥራ ማጣትና ለፍቺ ተዳረገ። ወሳኙ የጥፋቱ ዓይነት ሳይሆን ብዛቱ ነበር። «ሲያድግ ይተወዋል» ባዮች እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ይሁንና ሮቢንስ ራሳቸው እንዳስገነዘቡት፣ በዚህ መንገድ የተበላሸ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በልጅነቱ አስቸጋሪ ነበር፤ ከአስቸጋሪ ልጆች ግን አብዛኞቹ እንዲያ ሆነው አልቀሩም። ይህችን ማስታወሻ የሚዘላት ብዙ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ጨካኝ ትውልድ እየመጣ ነው ተብሎ ሲወራ፣ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ልጆችን በአዋቂ ፍርድ ቤት የሚያቀርብ ሕግ አወጡ። የተፈራው ትውልድ ሳይመጣ ቀረ፤ የወጣቶች ወንጀልም እንዲያውም ቀነሰ። ሕጉ ግን ብዙ ልጆችን በልቷል።

ዕዳው በገንዘብ የተተመነው ለንደን ላይ ነው። 142 ልጆች ከ10 ዓመታቸው አንሥቶ እስከ 28 ዓመታቸው ያስወጡት የመንግሥት ወጪ ተሰልቶ በ2001 ታተመ። ጠባዩ ደህና የነበረው ልጅ በአማካይ 7,423 ፓውንድ አስወጣ፤ መጠነኛ ችግር የነበረበት 24,324፤ ችግሩ የከበደበት ግን 70,019 ፓውንድ! ትልቁ ድርሻ የወንጀል ነበር፤ ልዩ ትምህርት፣ የማሳደጊያ ቤትና ድጎማ ይከተላሉ። የእናት እንቅልፍ ማጣት በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። ቦስተን አጠገብ ባሉት በካምብሪጅና በሶመርቪል ከተሞች፣ ሪቻርድ ካቦት የተባሉ የሐርቫርድ ሐኪም ባመነጩት ሐሳብ 506 ወንዶች ልጆች ጥንድ ጥንድ ተደርገው በሳንቲም ዕጣ ተለዩ። ከ1939 እስከ 1945 ግማሾቹ አማካሪ፣ አስጠኚ፣ ሐኪምና የበጋ ካምፕ አገኙ፤ ሌሎቹ ምንም። ከ30 ዓመት በኋላ ጆዋን ማኮርድ ሲያጣሩ፣ ከተረዱት ሰዎች ሁለት ሦስተኛው እጅ ጠቅሞናል አሉ። መዝገቡ ግን ሌላ ተናገረ፤ በመጠጥ፣ በአእምሮ ሕመም፣ ቀድሞ በመሞትም የባሱት የተረዱት ነበሩ። ኋላ በተደረገው ምርመራ ጥርጣሬው ካምፑ ላይ ወደቀ፤ ደጋግመው ካምፕ የተላኩት ይበልጥ ተጎድተው ተገኙ። ልጅን ከቤት አርቆ ከመሰሎቹ ጋር ማክረም ምን እንደሚያስተምረው መገመት አያዳግትም። «ላኪውና ይታረም» የሚሉትም ልጁ የት፣ ከማን ጋር እንደሚውል ቢጠይቁ አይከፋም።

የተሳካው በ1962 ይፕሲላንቲ፣ ሚሺጋን የተጀመረው ነው። ከ123 ድሆች ጥቁር ሕፃናት 58ቱ ከ3 ዓመታቸው ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ተማሩ። በእውቀት ፈተና ያገኙት ብልጫ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጠፋ፤ ብዙዎችም ከንቱ ድካም አሉት። እነዚያ ልጆች 40 ዓመት ሲሞላቸው ግን፣ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ በፖሊስ የተያዙት ካልተማሩት 55 በመቶ፣ ከተማሩት 36 በመቶ ሆኑ። የቀረው ብልጠቱ ሳይሆን ጠባዩ ነበር።

አስተማሪዎቹ በየሳምንቱ እቤት ድረስ እየሄዱ ከእናቲቱና ከልጁ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጡ ነበር። በእኛ ቤት ግን፣ ብዙ ጊዜ፣ ከትምህርት ቤት የተላከውን የክስ ደብዳቤ ለእናቱ ተርጉሞ የሚያነብላት ራሱ ልጁ ነው።