የኖርዌይኛ ጥምር ስሞች የቀለም አወቃቀርና አነባበብ ታሪክ

የኖርዌይኛ ጥምር ስም በጽሕፈት አንድ ቃል ነው፤ በአነጋገርም ዋና አጽንኦቱ አንድ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የተጣመሩት ቃላት የቀድሞ ታሪካቸውን በድምፃቸው ይዘው ይኖራሉ። ይህን ታሪክ ፊደል ብቻውን ስለማይገልጸው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ በጥንቃቄ ሊመለከተው ይገባል እንላለን።

በጥንቱ ኖርስኛ አጽንኦት የሚያርፍበት ቀለም፣ ማለትም በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚዋቀረው የቃል ክፍል፣ አጭርም ረጅምም ሊሆን ይችል ነበር። በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ገደማ ግን በአብዛኞቹ ዘዬዎች እንዲህ ያለው ቀለም ሁሉ ረጅም ሆነ፤ ይኸውም ወይ አናባቢው ይረዝማል፣ ወይ ተከታዩ ተነባቢ ይጠብቃል። ስለዚህ «ታክ» አናባቢው ሲረዝም ጣራ፣ «ክ» ሲጠብቅ ምስጋና ይሆናል። ቃል ሲጣመርም ሁለተኛው አባል ይህን ርዝመቱን አይጥልም። «ሲከሁስ»፣ ማለት የሕሙማን ቤት ወይም ሆስፒታል፣ ዋና አጽንኦቱ በ«ሲ» ላይ ሲያርፍ «ሁስ» ረጅም አናባቢውን እንደያዘ በሁለተኛ ደረጃ አጽንኦት ይነገራል።

ከአጽንኦት ሌላ ቃና አለ። አብዛኞቹ ዘዬዎች ሁለት የቃል ቃናዎችን ይለያሉ። «በነር» በአንደኛው ቃና ገበሬዎች፣ በሁለተኛው ባቄላ ማለት ነው። ምክንያቱም የፊተኛው በጥንት ጊዜ ባለ አንድ ቀለም፣ የኋለኛው ባለ ሁለት ቀለም ስለ ነበረ ነው። በኋላ በፊተኛው ውስጥ አናባቢ ገብቶ ቀለሞቻቸው ቢተካከሉም ቃናው የጥንቱን ቁጥር መዝግቦ ቀረ። ጥምር ስም ደግሞ ምንም ያህል ቢረዝም እንደ አንድ ቃል በአንድ ቃና ይነገራል።

ይህ አንድነት ትርጉምን ይጠብቃል። «ላመሸት» በአንድ አጽንኦት ሲነገርና ተያይዞ ሲጻፍ የጠቦት ሥጋ ነው፤ ለያይተው «ላመ ሸት» ቢሉት ሽባ ሥጋ ይሆናል። በአንጻሩ የአባላቱ ወሰን ሲረሳ ጥምሩ እየተሸረሸረ ይሄዳል። ከኦስሎ በስተ ምዕራብ ያለው ቤሩም ጥንት «ቤርግሄይም»፣ ማለት የተራራ መኖሪያ፣ ይባል ነበር፤ ዛሬ ከሁለተኛው አባል የቀረው «ኡም» ብቻ ነው። «ናቦ»፣ ማለት ጎረቤት፣ የተባለውም ቀድሞ «በቅርብ ነዋሪ» የሚል ጥምር ነበር።

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. እስከ 1814 በዴንማርክ ዘውድ ሥር ስትኖር የጽሕፈት ቋንቋዋ ዴንማርክኛ ሆኖ ነበር። የሕዝቡ አነባበብ ግን በዘዬዎች ውስጥ ጸንቶ ቆየ። ኢቫር ኦሰን ሰዋስዉን በ1848፣ መዝገበ ቃላቱን በ1850 ያወጣው ከእነዚሁ ዘዬዎች ሰብስቦ ነው። ክኑድ ክኑድሰን ደግሞ በ1881 ባሳተመው ሥራ ለባዕድ ቃላት አገርኛ ምትክ አቀረበ። ካቀረባቸው አንዳንዶቹ ሥር ሰደዱ፤ ብዙዎቹ ተረሱ።

ከዚህ የምንረዳው ጥምር ቃል የሚኖረው በተናጋሪው አፍ መሆኑን ነው። ፊደሉን ብቻ መዝግቦ አጽንኦቱን፣ ርዝመቱንና ቃናውን የተወ መዝገበ ቃላት የቃሉን ታሪክ እኩሌታ ያስቀራል።