የጥድ ግድግዳና ነጭ ቀለም

ባለፈው ጥቅምት ቡራዩ ያለውን የእናቴን ሳሎን ነጭ ልቀባ ተነሣሁ። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ በጥድ ጣውላ የተለበጠ ነው፤ በየጣውላው መጋጠሚያ ቀጭን ቦይ ወርዷል። አባቴ በእጁ የመታው ነው። በትንሿ ቡርሽ ቦዮቹን አስቀድሜ፣ ፊቱን አስከትዬ ቀባሁ። በሦስተኛው ቀን ከየአንጓው ቡናማ ነጠብጣብ ብቅ አለ። ብደግመውም ወጣ። እናቴ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ «እንጨቱ ገና አልሞተም» አለችኝ።

ጥድ በዚህ አገር ብርቅ ከሆነ ቆይቷል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ማገዶና የቤት እንጨት ፍለጋ ዙሪያዋን ቶሎ አራቆተው። ችግሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ከመነቀል ያዳናት በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከሰበታ ማዶ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ግን ጥዱን እንደያዘ ቆየ። ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ያስተከሉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይባላል።

ስለዚህ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አሮጌ የጭቃ ቤት ቢልጡ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ይቦካል፤ ይመረጋል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እንደገና ይለሰናል። ከዚያ እበት፣ አቅም ሲገኝ ኖራ። ዘይት ቀለም የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ እስከ ወገብ ብቻ፣ የልጆች እጅና የወንበር መደገፊያ በሚያቆሽሸው በኩል፣ በጨርቅ እንዲጠረግ። አባቴ ጥዱን የመታው በዚያው ልክ ነበር። የቀለም ቀቢው ቋንቋም ታሪክ አለው፤ ስቱኮ፣ ኮርኒስ፣ ጎማላካ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው።

እኔ ጥዱ እንዳለ እንዲቀር ወድጄ ነበር። እናቴ ግን ዐይኗ እየደከመ ነው፤ ብርሃን ትፈልጋለች፤ ቤቱም የእሷ ነው። አንጓዎቹን በጎማላካ ደፈንኩና ለሦስተኛ ጊዜ ቀባሁ። ያዘ። ከበሩ ኋላ ያለችውን አንዷን ጣውላ ሳልነካ ተውኳት። እናቴ አላየችም፤ ወይም አይታ ዝም ብላለች።