ጅኑን ተዉትና ስሙን ጻፉት፦ ስለ ደሴና ኮምቦልቻ «የሚያስፈሩ» ቦታዎች

ጅን ያለበት ቤት የማይወራበት ከተማ የለም። ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ወሬ የተመቹ ናቸው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ናት፤ ጉም ሲወርድባት ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰው አይታይም። ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል የሚወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሹፌሩንም ተሳፋሪውንም በየሃይማኖቱ ያስጸልያል። ከታች ቦርከና ይፈሳል። «በቀትር ወንዝ አትውረድ»፣ «አመድ ላይ አትቁም»፣ «የፈላ ውሃ ስትደፋ ቢስሚላህ በል» ሳይባል ያደገ የወሎ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ።

ወቅታዊ ጉዳይ ልታነቡ መጥታችሁ የጅን ወሬ ስለገጠማችሁ አትደነቁ። ጉዳዩ ወቅታዊ ነው። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሕዝብ አንድን ቦታ «እዚያ የሆነ ነገር አለ» ብሎ ሲፈራ፣ ብዙ ጊዜ በቦታው በእርግጥ የሆነ ነገር ነበረ። ሰው ሞቶ ይሆናል፤ ያውም ሳይለቀስለት። ነገር ግን ወሬው ፍርሃቱን ብቻ ያስቀርና የሞተውን ሰው ይጥለዋል። እኛም «ጅን ነው» ብለን እናልፋለን፤ ጥያቄውም እዚያው ይቀራል።

◾ የእነሱ መንፈስ፣ የእኛ ጅን

የፈረንጆቹ የሙት መንፈስ ስም አለው። በለንደን ግንብ ትታያለች የምትባለው አን ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1536 አንገቷ የተቀላ ንግሥት ናት። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ሐምሌት» ውስጥ የሞተው ንጉሥ መንፈስ መጥቶ ማን እንደገደለው ለልጁ ይነግረዋል። መንፈሱ ምስክር ነው ማለት ነው። ካልተፈረደለት አያርፍም፤ ካላረፈም አያሳርፍም።

የእኛ ጅን ግን የሞተ ሰው አይደለም። በእስልምና ጅን ራሱን የቻለ ፍጡር ነው፤ የቁርኣን 72ኛው ምዕራፍም የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። በክርስትናው በኩል መዝሙረ ዳዊት 90 ላይ የተጠቀሰው የቀትር ጋኔን እርኩስ መንፈስ እንጂ የማንም አያት ነፍስ አይደለም። የሟቹ መንገድማ የታወቀ ነው። ሙስሊሙ ሳይውል ሳያድር ይቀበራል፣ ሰደቃ ይወጣለታል። ክርስቲያኑ ጸሎተ ፍትሐት ይደርስለታል፣ 40ው ይወጣል፣ ተዝካሩ ይበላል። ወሎ ላይ ደግሞ ቀብር ሲሆን ሁለቱም አብረው ይወጣሉ።

ይህ ሥርዓት ለሟችም ለኗሪም የተሟላ ነው። ቀዳዳው የሚታየው ቀብር የቀረ ዕለት ነው። ሰው በጅምላ ሲያልቅ፣ አስከሬን ሲሰወር፣ ልቅሶ ሲከለከል ቦታው ያስፈራል። ለፍርሃቱ ያለን ቃል ግን «ጅን» ብቻ ስለሆነ ሟቹ ከወሬው ይወጣና ጅኑ በቦታው ይገባል። ሐምሌት ላይ ሟቹም ገዳዩም ይታወቃሉ። በእኛ ወሬ ሁለቱም የሉም፤ የቀረው ቦታው ብቻ ነው።

◾ ስም የሌላት ነፍሰ ጡር

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ የሐይቅን ሐይቅ ታገኛላችሁ። ስለ አፈጣጠሩ የሚነገረውን አፈ ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት። እግዚአብሔር ተቆጣ፤ ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት መሬት በስተቀር ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሆነ። ልዕልቲቱም ከነወዳጅ ዘመዶቿ ሰጠመች። ሴትዮዋ የተቀመጠችበት መሬት ዛሬ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው ይባላል።

ይህ ተረት ከጅን ወሬ ይሻላል፤ ቢያንስ ግፍ መኖሩን አልደበቀም። ቢሆንም አንድ ነገር አስተውሉ፦ የተበደለችው ሴት ስም የላትም። ከተረት ወደ ጽሑፍ ስንሻገር ግን ነገሩ ይለወጣል። በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳሙን ያቀኑት አባ ኢየሱስ ሞዐ ስማቸውም ሥራቸውም እስከ እኛ ደርሷል፤ ምክንያቱም ተጽፏል። በአንዱ ሐይቅ ዳር አንዱ በስሙ ሲታወስ ሌላዋ በ«አንዲት ሴት» የቀረችው በዚህ ነው።

ቦታን በጋኔን ስም መጥራት ምን እንደሚሠራ ለማየት አዲስ አበባንም መመልከት ይቻላል። የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በከተማው ሕዝብ አፍ «ሰይጣን ቤት» ተብሎ እንደነበር የታወቀ ነው። ግድግዳ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ ማየት ያን ጊዜ ያስደነግጥ ነበር። ስሙ ስለ ቤቱ የሚነግረን የለም፤ የሚነግረን ስለ ሰዎቹ ድንጋጤ ነው። የጅን ወሬም እንዲሁ የድንጋጤ መዝገብ ነው። ታዲያ ደሴን ያስደነገጣት ምን ነበር?

◾ ኅዳር 1928

ደሴ የንጉሥ ሚካኤል ከተማ ናት። አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት፣ በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው የነገሡት እሳቸው ናቸው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አረፉ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ወርዶ ሲሸሽ ከረመ፤ በ1913 ዓ.ም. ተያዘና የቀረ ዕድሜውን በእስር ጨረሰ። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ሞተ ተባለ። እንዴት እንደሞተ እስከ ዛሬ ያከራክራል። መቃብሩ እዚህ ነው ተብሎም የሚያስማማ ቦታ አልተገኘም።

የአገር መሪ የነበረ ሰው ያለ መቃብር ሲቀር ወሬ መቃብሩን ይተካል። ስለ ልጅ ኢያሱ የሚወራው ዘጠና ዓመት ገደማ አልፎትም ያላለቀው ለዚህ ነው። ሐውልት ያለው ሰው ታሪክ ይሆናል፤ መቃብር ያጣ ሰው ግን ወሬ ሆኖ ይኖራል።

በዚያው ወር፣ ኅዳር 26 ቀን፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ኋላ ሆነው የተነሡት ፎቶ ዓለምን ዞሯል። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታልም ተመታ። ፎቶውን ሁላችሁም አይታችሁታል። በዚያ ቀን ደሴ ላይ ከሞቱት መካከል የአንዱን እንኳ ስም የምታውቁ ስንት ናችሁ?

ጣሊያን ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ገባ። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ ነጻ እስክትወጣ ድረስ አምስት ዓመት ቆየ። ከተማዋ ከመያዟ በፊት የደቡብ አፍሪካ ጦርና አርበኞች ኮምቦልቻ አጠገብ ባሉት ተራሮች ለቀናት ተዋግተዋል። ያን ኮረብታ በምሽት ማለፍ የሚፈራ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። «ጅን አለበት» የሚል ሰው ሳገኝ ግን «ማን ነው እዚህ የሞተው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።

◾ በሁለት ግምቶች መካከል ያለው ሕዝብ

የ1965ቱና የ1966ቱ የወሎ ረሃብ ከሁሉም የከፋው ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን የሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ላይ ሰው ወደቀ። መንግሥት ደበቀው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶ ለእይታ አቀረቡ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ያሳየው ፊልም ደግሞ ጉዳዩን ለዓለም አወጣው። ደርግም ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ቀላቅሎ ንጉሡን ባወረደበት ዋዜማ በቴሌቪዥን አሳየ።

ስንት ሰው ሞተ? ዝቅተኛው ግምት 40 ሺህ ሲል ከፍተኛው እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። በሁለቱ ግምቶች መካከል 160 ሺህ ሰው አለ። ይህ የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ነው፤ ይኑር ይሙት በእርግጠኝነት መናገር የሚችል የለም። የሙት መንፈስ የሚባለው ነገር አለ ከተባለ ለእኔ እዚህ ላይ ነው ያለው። ያ ረሃብ ዙፋን ገልብጧል፤ ለፖለቲካ ንግግር ሁሉ ማጣፈጫ ሆኗል። የሟቾቹ ስም ግን አልተጻፈም።

ከዚያ 1969 እና 1970 መጡ። ቀይ ሽብር ሲፋፋም ቤተሰብ የልጁን አስከሬን መንገድ ላይ እያየ እንዳያለቅስ ተከለከለ፤ የጥይቱን ዋጋ እንዲከፍል የተጠየቀም ነበር። ደሴም ከዚህ አላመለጠችም። የኋላ ኋላ ግን አንድ ትምህርት የሚሆን ሥራ ተሠራ። በ1980ዎቹ ከአርጀንቲና የመጡ የፎረንሲክ ባለሙያዎች ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅም ለመለየት ረዱ። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም የሟቾችን ፎቶ ሰቅሏል። እዚያ የገባ ሰው ያለቅሳል እንጂ ጅን አይፈራም። ልዩነቱን ያመጣው ፎቶውና ስሙ ነው።

ይህን ማድረግ ከባህላችን ውጭ እንዳይመስላችሁ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝብ ፈጀ። ሕዝቡ ዝም አላለም፤ ዛሬም ድረስ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ሞትን በዓመት አንድ ቀን በጋራ ማሰብ እናውቅበታለን ማለት ነው። ያልለመድነው የሟቹን ስም መያዝ ነው።

◾ 2014

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የህወሓት ኃይሎች ደሴና ኮምቦልቻ ገቡ። ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ሁለቱንም ከተሞች መልሶ መያዙን አስታወቀ። በመካከሉ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። በዚያው ሰሞን የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘኖቹ በመዘረፋቸው በሁለቱ ከተሞች እርዳታ ማደል አቆመ።

ስለ ሞቱትስ? የፌዴራል መንግሥት ኮምቦልቻ ውስጥ ከ100 በላይ ወጣቶች ተረሽነዋል አለ። ህወሓት አስተባበለ። ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ይህን ዓይነት ዜና አውቀዋለሁ፦ አንዱ ወገን ቁጥር ይናገራል፣ ሌላው ይክዳል፣ ሁለቱም በአንድ አንቀጽ ይገባሉ፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ዜና ይመጣል። ቁጥሩን መካድም ማጋነንም ቀላል ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ የሞተበት ቀን ያለው ዝርዝር ግን ለመካድም ለማጋነንም ያስቸግራል።

«ስም መዘርዘር ቂም ይቀሰቅሳል» የሚል መከራከሪያ አለ። አላቃልለውም፤ ክልሉ ውስጥ ዛሬም ተኩስ አልቆመም። ነገር ግን ቂም የሚፋፋው ባልተጻፈው ላይ ነው። ያልተጻፈ ሞት ማንም እንደፈለገ ይዘረጋዋል፣ ያሳጥረዋል፣ ለዘመቻ ያውለዋል። ዝርዝሩም የአንድ ወገን አይሁን። ወሎ አፈር ውስጥ የቀሩ የትግራይ ልጆችም እናት አላቸው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር የሦስት ቀን ሐዘን ሲያውጅ፣ ጦርነቱ ካበቃ አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ስንት ቤት ያን ሁሉ ጊዜ «መጣ፣ አልመጣም» ሲል እንደከረመ አስቡት። ከዚህ የሚያስፈራ የጅን ታሪክ እኔ አላውቅም።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ መሣሪያውም በእጃችን ነው። ማን መቼ እንደሞተ እድር ይመዘግባል። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ማንን እንደቀበረ ያውቃል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ነው፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱም ኮምቦልቻ ላይ። የታሪክ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ አንድ ቀበሌ ቢወስድ በጥቂት ዓመት ሁለቱ ከተሞች ይሸፈናሉ። የደሴ ሙዚየምም መዝገቡን ሊያስቀምጠው ይችላል። የ1965ቱን ረሃብ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ አዛውንት ናቸው። የ2014ቱን ያዩ ገና ወጣት ናቸው፤ እነሱም ግን እየተበተኑ ነው።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። የወሎ ብዙ ሙታን መቃብሩን አጥተዋል፤ ቢያንስ ስሙን አንንሣቸው። ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ አንባብያን፣ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ጸሐፊውን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ የ2014 መዝገብ አለ? ካለ ቅጂው ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ከሌለ በዚያው ቀን ይጀመር።

ቸር ያሰማን።