ስሙን ቀብሮ የተነሳው ባንድ

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1980 የማንችስተሩ ጆይ ዲቪዥን ወደ አሜሪካ ሊጓዝ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የ23 ዓመቱ ድምፃዊ ኢያን ከርቲስ ራሱን አጠፋ። ሦስቱ ጓደኞቹ የባንዱን ስም ትተው "ኒው ኦርደር" ተባሉ። በርናርድ ሰምነር ማይክራፎኑን ያዘ፤ ጊሊያን ጊልበርትም በኪቦርድ ተቀላቀለች።

በ1983 "ብሉ መንዴይ" ወጣ። የሮክ ጊታርና የኤሌክትሮኒክ ከበሮ የተጋቡበት ይህ ዘፈን በባለ12 ኢንች ነጠላ ሸክላ ሽያጭ ታሪክ ቀዳሚ ሆነ። ከገቢው ብዙው ግን ከአሳታሚያቸው ፋክተሪ ጋር በከፈቱት ሃሲየንዳ የምሽት ክለብ ሰመጠ።

ፋክተሪ በ1992 ከሰረ። ባንዱን ያዳነው ኩባንያው ራሱ ቀድሞ በጽሑፍ የሰጠው ቃል ነበር፦ የሥራው ባለቤት ሙዚቀኛው ነው። ድርጅቱ ሲፈርስ ዘፈኖቹ አብረው አልፈረሱም። ክለቡም በ1997 ተዘጋ፤ በዘፈኑ ግን ዛሬም ይጨፈራል።